«ዘሯ ጨዋ ነው ብለው ሸጡልኝ፣ በሳምንቱ ጣለችኝ!»

የፈረስ ባለቤቶች ስለ ፈረስ ዘርና ጠባይ ምን ይላሉ?

የዛሬው ባለ ጉዳያችን ወደ ዝግጅት ክፍላችን የመጣው እያነከሰ ነበር። ዕድሜው 26 ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ገና ወንበር ሳይዝ፣ «እናንተ የምትመክሩት ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር ብቻ ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀን። «ምነው?» አልነው። «እኔን ያቃጠለችኝ ሴት አይደለችም፤ ፈረስ ናት!» አለ። እኛ ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት ሁለት ዓመት አለፈው። አንድ እሁድ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሱሉልታ ወጣ ብሎ ሳለ፣ መንገድ ዳር ፈረስ የሚያከራዩ ልጆችን ያያል። የከተማ ሰው ይመጣል፣ ፈረስ ላይ ወጥቶ ፎቶ ይነሳል፣ ሜዳውን አንድ ሁለቴ ይዞራል፣ ከፍሎ ይሄዳል። «ይሄማ እኔንም አያቅተኝም» አለ። እቁቡ ሲደርሰው፣ የጎደለውን ከታላቅ እህቱ ተበድሮ አንዲት ዳማ ባዝራ ገዛ። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቦራ ናት። ዓይኗ ትልልቅ፣ አንገቷ ረዥም፣ ስትቆም ሙሽራ የምትመስል!

ሻጩ ስለ ጥርሷ አልነገረውም። ስለ ጀርባዋም አልነገረውም። የነገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «የሰላሌ ዘር ናት። የሰላሌ ፈረስ ጨዋ ነው። ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ!»

ልጁም ዓይኑን ጨፍኖ ገዛ።

በሳምንቱ ኮርቻ ሲጭንባት ዞራ ልትነክሰው ሞከረች። በማግሥቱ ገና እርካቡን ረግጦ ከመውጣቱ ተፈናጥራ ከመሬት ቀላቀለችው። የሚያነክሰው ለዚህ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የባሰ ነው። አንድ የ9 ዓመት ልጅ አባቱ ፎቶ ሊያነሳው ኮርቻው ላይ አስቀምጦት ሳለ፣ ባዝራዋ በኋላ እግሯ ቆመች። የልጁ አባት ባይቀልበው ኖሮ… እግዜር አውጥቶት ልጁ አቧራ ከመልበስ በቀር ምንም አልሆነም። አባትየው ግን «ሁለተኛ እዚህ ሜዳ ላይ ባይህ ለፖሊስ ነው የምሰጥህ!» ብሎት ሄደ።

ወጣቱ ወደ ሻጩ ሮጠ። የሻጩ መልስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ታዲያ ምን ጠብቀህ ነበር? የሰላሌ ፈረስ እኮ እሳት ነው!»

ልብ በሉ አንባቢያን! ሲሸጥ «የሰላሌ ነውና ጨዋ ነው»፤ ሲጥል ደግሞ «የሰላሌ ነውና እሳት ነው»።

ወጣቱ ሁለት ጥያቄ ይዞልን ነው የመጣው። አንደኛው፣ «እውነት የፈረስ ጠባይ በዘር ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛውን የጠየቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። «ምንም ሳልናገር ለባለ ጋሪ ብሸጣትስ? ኃጢአት ይሆንብኛል?»

«ሁለት ሳምንት ታገሠን፤ የሚያውቁትን እንጠይቅልህ» አልነው። እሺ ብሎ እያነከሰ ወጣ።

እሳትና ምድጃ

መጀመሪያ የሄድነው እዚያው ሱሉልታ ነው። ያነጋገርናቸው አዛውንት ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ሲሆን ከልጅነታቸው ጀምሮ ፈረስ ከደጃቸው ጠፍቶ አያውቅም። «አባባ፣ የሰላሌ ፈረስ ጨዋ ነው ወይስ እሳት?» አልናቸው። ጋቢያቸውን አስተካከሉና፣ «ሁለቱንም ነው ልጆቼ» አሉን። «እሳት ምድጃ ውስጥ ሲሆን ቤት ያሞቃል። ሣር ላይ ሲወድቅ ግን አገር ያቃጥላል። የሰላሌ ፈረስም እንዲያ ነው።»

እርሳቸው እንደሚሉት ቁመናም፣ ሩጫም፣ ልብም ያለው የሰላሌ ፈረስ ብቻ ነው። «ለሠርግ ብትል፣ ለጉግስ ብትል፣ ለበዓል ብትል፣ ሌላውን አታንሱብኝ!» ይህን ሲሉ ቁጣ ቁጣ ይላቸዋል። ከዚያ ሜዳው ላይ የሚግጠውን ፈረሳቸውን ጠሩት። ራሱን ቀና አድርጎ መጣና ትከሻቸው ላይ አፍንጫውን አሳረፈ። አብሮን የነበረው ፎቶ አንሺያችን ሊነካው እጁን ሲዘረጋ ግን ጆሮውን አስተኛ።

«ለእርስዎ ብቻ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ጨው የሚልሰው ከእጄ ነዋ! ሦስት ዓመት ሳይሞላው ኮርቻ አልጫንኩበትም። ዱላ አያውቅም። የልጅ ልጆቼ በሆዱ ሥር ሲሽሎኮለኩ ነው ያደገው።»

እንግዲህ እኛ የጠየቅናቸው ስለ ዘሩ ነበር። እርሳቸው የመለሱልን ግን ስለ አስተዳደጉ ነው። ይህን ያዙልን።

«የእኛን የሚያህል የለም!»

ሀገራችን ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ አላት። በአፍሪካ የሚስተካከላት የለም ይባላል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የሀገራችን ተመራማሪዎች ጥናት የኢትዮጵያን ፈረሶች በመልካቸው፣ በቁመታቸውና በሚኖሩበት አካባቢ ለይቶ በ8 መድቧቸዋል። እነሱም የአቢሲኒያ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የሆሮ፣ የካፋ፣ የቁንዱዶ፣ የኦጋዴንና የሰላሌ ናቸው። ስለ ጠባያቸው ግን ዳኛው ባለቤቱ ነው። ባለቤት ደግሞ መቼም የራሱን አያማም!

መርካቶ ውስጥ ሱቅ ያላቸው አንድ የባሌ ተወላጅ የሰላሌውን ነገር ስናነሳባቸው በሳቅ ፈነዱ። «የሰላሌ ፈረስ ለታይታ ነው! አስተዋይ ፈረስ ከፈለጋችሁ ባሌ ሂዱ። የባሌ ፈረስ ገደል አፋፍ ላይ እንኳ እግሩን የሚያሳርፍበትን ሳያይ አይራመድም። ጭጋግ ውስጥ ልጓሙን ብትለቅለት ቤትህ ያደርስሃል።»

«ታዲያ ይህ ከዘሩ የመጣ ነው?»

ትንሽ አሰቡ። «ብርዱ፣ ዳገቱና ጭጋጉ ነው ያስተማረው መሰለኝ። አዲስ አበባ ሜዳ ላይ ያደገ የባሌ ፈረስ ብታመጡልኝ፣ እኔም እንደማንኛውም ፈረስ ነው የማየው» አሉን።

ሦስተኛው እንግዳችን ለጉዳይ አዲስ አበባ የመጡ የእንጅባራ ሰው ናቸው። እንጅባራ ሲባል መቼም ፈረስ ትዝ የማይለው የለም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞቹ አምረውና አጊጠው ሜዳውን ሲሞሉት ላየ ሰው ልብ ይሰርቃል። እንግዳችን እንዲህ ይላሉ። «የእኛ ፈረስ አይደነብርም። ከበሮው ይመታል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ እሱ ግን እንዲያውም ደስ ይለዋል፣ ይጨፍራል! ምክንያቱም ወጣቱ ፈረስ ከትልልቆቹ ጎን እየተሳበ ግርግሩን ስለሚለምድ ነው። ፈረስ ካየው ነገር ይልቅ የሚፈራው ያላየውን ነው።»

እነሆ፣ ሦስት ባለ ፈረሶች፣ ሦስት ዓይነት ዘር። ሦስቱም «የእኔ ዘር ይበልጣል» ብለው ጀመሩ። ሦስቱም ግን ሲጨርሱ ያወሩት ስለ እጅ፣ ስለ ዳገትና ስለ ከበሮ ነው።

እስቲ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ሐረርጌ ብቅ እንበል። ጉርሱም አካባቢ ቁንዱዶ የሚባል ተራራ አለ። እዚያ ላይ ባለቤት የሌላቸው፣ በዱር የሚኖሩ ፈረሶች አሉ። ቁጥራቸው ጥቂት ነው። ሲፈጠሩ አውሬ አልነበሩም፤ ቅድመ አያቶቻቸው የሰው ፈረሶች ነበሩ። ዛሬ ግን ሰው ሲያዩ ይሸሻሉ። የሰው እጅ ሲርቀው የትኛውም ዘር ወደ ዱር ይመለሳል ማለት ነው።

በነገራችን ላይ አባቶቻችንም ፈረስን በዘሩ አልጠሩትም። አፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ አፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ አፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ «አባ ጠቅል» የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። ታጠቅ፣ በዝብዝ፣ ዳኘው፣ ጠቅል… አንዱም የዘር ስም አይደለም። የጌታውን ሐሳብና ምኞት የሚናገር የሥራ ስም ነው።

«ዐረቡ ሁሉንም ይማራል፤ ክፉውንም ጭምር»

ከከተማው ዳር ባለ አንድ የፈረስ ግልቢያ ማስተማሪያ ቦታ የምትሠራ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለች አሠልጣኝ አግኝተናል። ወንዶቹ ባለ ፈረሶች ሁሉ «አንቱ» የሚሏት ጎበዝ ናት። የምታሠለጥንባቸው አብዛኞቹ የሀገር ፈረሶች ሲሆኑ፣ ሁለቱ ግን የዐረብ ደም ያለባቸው ድቅሎች ናቸው።

«በውጭው ዓለም ፈረስን ትኩስ ደም፣ ቀዝቃዛ ደምና ለብ ያለ ደም ብለው ይከፍሉታል» ስትል አስረዳችን። «ይህ የሰውነት ሙቀት አይደለም። የማንኛውም ጤነኛ ፈረስ ሙቀት 38 ዲግሪ ገደማ ነው። አባባሉ ስለ ጠባይ ነው። ዐረቡና ለእሽቅድምድም የሚዳቀለው የእንግሊዝ ፈረስ ትኩስ ደም ይባላሉ፤ ቶሎ ይሰማሉ፣ ቶሎ ይነሳሉ። እርሻና ከባድ ጋሪ የሚጎትቱት የአውሮፓ ግዙፍ ፈረሶች ቀዝቃዛ ደም ናቸው፤ ረጋ ያሉ ናቸው። ሁለቱን በማዳቀል የተገኙት ደግሞ ለብ ያሉት ናቸው።»

«እንግዲያው ዘር ነው ማለት ነዋ!» አልናት፤ ክርክሩ ያለቀ መስሎን።

«ቆይ!» አለች። «ዐረብ ፈረስ ክፉ አይደለም፤ ፈጣን ተማሪ ነው። ደጉን ባንድ ቀን ያስተማርከውን ይይዛል። ክፉውንም እንዲሁ። አንድ ሰነፍ ጋላቢ አፉን በልጓም ሲቦጭቀው ቢውል፣ ያንን ለማስረሳት እኔ ወራት እለፋለሁ። ረጋ ያለው ፈረስ ብዙ ጥፋት ይቅር ይላል። ትኩሱ ግን ጥፋትህን ወዲያው ይነግርሃል። ልዩነታቸው ይሄ ነው።»

ሳይንሱስ ምን ይላል?

እስቲ ደግሞ ጠበብቱን እንስማ። በ2008 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ጥናት፣ እንግሊዝ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች 8 ዓይነት ዘር ያላቸውን ከአንድ ሺህ በላይ ፈረሶች ጠባይ ተንከባካቢዎቻቸውን በመጠየቅ መዝግበዋል። በዘሮቹ መካከል ሰፊ ልዩነት የታየው በሁለት ነገር ነው። እነሱም ድንጉጥነትና ቶሎ መነሳሳት ናቸው። ዐረቡና የእሽቅድምድሙ ፈረስ በዚህ ከፍ ብለው ተገኝተዋል። ስለዚህ «ዘር ምንም አይደለም» ማለትም ውሸት ነው።

በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከጥንት የፈረስ አጥንቶች በተገኘ ዘረ መል ላይ ተመሥርቶ አንድ ደስ የሚል ነገር ነግሮናል። የዛሬዎቹ የቤት ፈረሶች ሁሉ ዝርያቸው የሚመዘዘው ከ4200 ዓመት ገደማ በፊት ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን ባሕር በስተ ሰሜን ካለው ሰፊ ሜዳ ነው። ያን ጊዜ የነበሩ አርቢዎች በተለይ ሁለት ነገር እየመረጡ ያራቡ ይመስላል። አንዱ ጠንካራ ጀርባ፣ ሌላው የተረጋጋ መንፈስ! ይህ እንግዲህ የሰላሌውም፣ የባሌውም፣ የዐረቡም የጋራ ውርስ ነው።

አሁን ደግሞ ጉዱን ስሙ። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ የስዊድን ተመራማሪዎች ጥናት ነው። ሰዎች ፈረስ እየሳቡ ወይም እየጋለቡ አንድን መንገድ አራት ጊዜ እንዲመላለሱ ተደረገ። በአራተኛው ዙር፣ «ፈረሱ ሲያልፍ ድንገት ጃንጥላ እንዘረጋለን» ተባሉ። ጃንጥላው ግን ጭራሽ አልተዘረጋም። ሆኖም የሰዎቹ የልብ ምት ጨመረ። የፈረሶቹም ልብ አብሮ ጨመረ! ፈረሱ ስለ ጃንጥላው ማን ነገረው? ማንም። የሰማው የሰውየውን ፍርሃት ነው።

በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ደግሞ እንዲህ ይላል። ፈረሶች የአንድን ሰው የተቆጣ ፊት በፎቶግራፍ እንዲያዩ ተደረገ። ከሰዓታት በኋላ ያው ሰው ፊቱን ሳያስቆጣ በአካል ሲቀርብ፣ በጥርጣሬ አዩት። የፈገግታውን ፎቶ ካዩት ፈረሶች ይልቅ እነዚህ ተጨነቁ። እንግዲህ በፎቶ የታየ ቁጣ ይህን ያህል ካልተረሳ፣ ጀርባ ላይ ያረፈ አለንጋማ እንዴት ይረሳል?

«የከፋው ፈረስ እንጂ ክፉ ፈረስ አላየሁም»

ይህን ሁሉ ስንሰበስብ፣ ወጣቱ ግን ሁለት ሳምንት አልታገሠም። የእህቱ ብድር አንገበገበው። ባዝራዋን በአይሱዙ ጭኖ ቢሾፍቱ ወሰዳት። ሐሳቡም ምንም ሳይናገር ለባለ ጋሪ ሸጦ መገላገል ነበር። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረን ራሱ ነው። እኛም ባለ ጋሪውን በአካል አግኝተን አረጋግጠናል።

ባለ ጋሪው በሃምሳዎቹ አጋማሽ ያሉ ሰው ናቸው። ባጃጅ መጥቶ ብዙዎቹን የሙያ ጓደኞቻቸውን ከሥራ ሲያስወጣቸው፣ እርሳቸው እስካሁን በጋሪያቸው ልጆች ያስተምራሉ። ለስንት ዘመን ስንት ፈረስ በእጃቸው እንዳለፈ ቆጥረው አይጨርሱትም።

ወጣቱ «ጋሼ፣ የሰላሌ ናት» ብሎ ጀመረ። «የአባቷን ስም አልጠየቅኩህም» አሉት። «ኮርቻዋን አውርድ!»

አወረደ። ባለ ጋሪው ከፊት ለፊቷ ሳይሆን ከትከሻዋ በኩል ቀረቡ፤ እያናገሯት። መዳፋቸውን አንገቷ ላይ አሳርፈው ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ወሰዱት። ጋማዋ የሚያልቅበት ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆዳዋ ተርገፈገፈ። ጆሮዋን አስተኛች። ጥርሷን አሳየች። እርሳቸው እጃቸውን አነሱና ፀጉሩን ገለጥ አድርገው ለልጁ አሳዩት። ገጣባ ነው! ላዩ የዳነ የመሰለ፣ ሥሩ ግን የታመመ የኮርቻ ቁስል። ከዚያ አፏን ከፈቱት። የከንፈሯ ጥግ በልጓም ተሰንጥቋል።

«ልጄ፣ ይህችን ማን ነው የሚጭናት?»

«እ… እኔ።»

«ኮርቻውስ?»

«ከጓደኛዬ የገዛሁት ነው። የትልቅ ድንጉላ ነበር።»

ባለ ጋሪው አልተቆጡም። ልጁ እንደሚለው ቢቆጡት ይሻለው ነበር። «እኔ በጋሪ ሥራ ላይ ስኖር የሁሉንም አገር ፈረስ አይቻለሁ» አሉት። «ለጋሪ የሚመጣ ፈረስ ዘሩ ተጠይቆ አያውቅም፤ ከሁሉም የተረፈው ነው የሚመጣልን። ክፉ ፈረስ ግን አላየሁም። የከፋው ፈረስ ነው ያየሁት። ይህች እኮ ሦስት ጊዜ ነግራሃለች። መጀመሪያ ልትነክስህ ዞረች፤ አልሰማህም። ቀጥላ ጣለችህ፤ አልሰማህም። በመጨረሻ የሰው ልጅ ልታስጨርስህ ነበር።»

«ይግዙኝና ይገላግሉኝ» አላቸው ልጁ።

«ብገዛህ ነገ ጋሪ ነው የምጭንባት። የታመመ ጀርባ ላይ የጋሪ ቀንበር ባስር እኔም እበደላታለሁ፣ እሷም ተሳፋሪዬን ትበድልብኛለች። አልገዛም። ሌላውም እንዳይገዛህ ገጣባውን ለገበያው ሁሉ እናገራለሁ። አሁን ወስደህ አሳክማት።»

ለወጣቱ ሁለተኛ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ እኛ አልነበረንም። ምንም ሳይናገር ቢሸጣት ኖሮ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የምትጥለው የሌላ ሰው ልጅ ይሆን ነበር። የመጀመሪያው ሻጭ ያደረገው ይህንኑ አይደል?

እንግዲህ ምን ሆነ?

ባዝራዋን እዚያው ቢሾፍቱ የእንስሳት ሐኪም አየላት። ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለባት ከተማ ስለሆነች ሐኪም አልቸገረም። የታዘዘላት ትልቁ መድኃኒት ዕረፍት ነበር። ጀርባዋ እስኪድን ድረስ ኮርቻ የሚባል እንዳይነካት! ወጣቱ ከሁለት ወር በላይ ያለ ገቢ ቀረ። እህቱ ደግሞ በየሳምንቱ ትደውላለች። «እኔ ነኝ የከፋኝ» እያለ ይቀልዳል አሁን።

በዚያ ጊዜ ውስጥ የሱሉልታውን አዛውንት አስተዋወቅነው። እርሳቸው በልኳ ኮርቻ ለማሠራት ረዱት፤ ግላሱን እንዴት እንደሚያነጥፍ፣ ጠፍሩን ምን ያህል እንደሚያጠብቅ አሳዩት። በየቀኑ ማለዳ እየሄደ ምንም ሳይጭናት እየሳበ ያንሸራሽራት ጀመር። ጨው በእጁ ማላስ ለመደ።

አንባቢያን «ከዚያ በኋላ በግ ሆነች» ብለን እንድንጨርስ ትጠብቁ ይሆናል። አልሆነችም። ኮርቻ ሲጫንባት አሁን ዝም ትላለች። ሞተር ብስክሌት በአጠገቧ ካለፈ ግን ዛሬም ትበረግጋለች። ከእሱ በፊት ምን እንደደረሰባት አይታወቅም። አሠልጣኟም አይታት፣ «ሰላሌነቷ ቶሎ እንድትሰማ አድርጓት ይሆናል፤ የፈራችውን ነገር ግን ያስተማራት ሰው ነው» ብላለች።

ልትገዙ ወይም ልትከራዩ ካሰባችሁ…

«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ከመባላችሁ በፊት፣ ካነጋገርናቸው ባለ ሙያዎች የሰበሰብነውን ምክር እነሆ።

1. ሳይጫን እዩት። ኮርቻው ወርዶ፣ መዳፋችሁን ከአንገቱ እስከ ዳሌው አሳልፉ። ቆዳው የሚርገፈገፍበት ወይም ጆሮውን የሚያስተኛበት ቦታ ካለ፣ እዚያ ሕመም ሊኖር ይችላል።

2. መጀመሪያ ሻጩ ይጋልብ። ሲይዘው፣ ሲጭነው፣ ሲወጣበት ቆማችሁ ተመልከቱ። ባለቤቱ ራሱ ለመውጣት ካመነታ፣ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

3. አፉን አስከፍቱ። ጥርሱ ዕድሜውን ይናገራል፤ የከንፈሩ ጥግ ደግሞ ማን እንደጋለበው ይናገራል።

4. ጆሮውን አንብቡ። ወደ ፊት የቆመ ጆሮ «ምንድነው?» ማለት ነው። ወደ ኋላ የተኛ ጆሮ «ተወኝ!» ማለት ነው። ጅራቱን ደጋግሞ ካወናጨፈ፣ የዓይኑ ነጭ ጎልቶ ከታየ ዘወር በሉ።

5. ከኋላው አትምጡ። ፈረስ ዙሪያውን ሁሉ ያያል ለማለት ይቻላል። ከበስተኋላው ቀጥታና ግንባሩ ሥር ያለውን ግን አያይም። ከትከሻው በኩል፣ እያናገራችሁ ቅረቡ።

6. አንዴ አይታችሁ አትወስኑ። በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰዓት ተመለሱ። ባጃጅና መኪና ባለበት ሲያልፍ እዩት። በባዶ ሜዳ ጨዋ ያልሆነ ፈረስ የለም!

7. ለጀማሪ ድንጉላ አይሆንም። ምንም ዓይነት ዘር ቢሆን፣ ዕድሜው ጠና ያለ፣ የተኮላሸ ወይም ረጋ ያለች ባዝራ ይሻላል።

8. ተረከዝ ያለው ሽፍን ጫማ አድርጉ። እግራችሁን እርካቡ ውስጥ እስከ ተረከዝ አታስገቡ፤ ብትወድቁ ይጎትታችኋል። ሄልሜት ማድረግ ነውር አይደለም። ሕፃን ከሆነ ደግሞ ገመዱን ባለቤቱ ይያዝ፤ ለፎቶ ነው ተብሎም ለብቻው አይተው።

9. ራሳችሁን አረጋጉ። የስዊድኑን ጃንጥላ አትርሱ። ልባችሁ ሲመታ ይሰማዋል። የፈራችሁ ዕለት አለመውጣት ፈሪ አያሰኝም።

«ዘሯ ምንድነው?»

ባለፈው እሁድ ወጣቱን ሥራ ቦታው ሄደን አየነው። ማንከሱ ጠፍቷል። የእህቱን ብድር ግማሹን ከፍሏል። ባዝራዋ ከሜዳው ዳር፣ ከአስፋልቱ ራቅ ብላ ቆማለች። ቦታውን የመረጠው ለሞተሮቹ ብሎ ነው። አንድ ጥንድ ፍቅረኛሞች መጡና ልጅቷ፣ «ይህች ዘሯ ምንድነው? አትጥልም?» ስትል ጠየቀችው።

እኛም ምን ይላል ብለን ጆሯችንን ሰጠን።

«ሞተር ትፈራለች» አላት። «ስለዚህ ወደ አስፋልቱ አንሄድም። ጀርባዋ ታሞ ስለነበር ካንድ ሰው በላይ አትሸከምም፤ ሕፃን አላስቀምጥባትም። ገመዱን እኔ እይዛለሁ። ጥላ ታውቃለች። እኔንም ጥላኛለች። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ጫማዋን አስተካከለችና፣ «እሺ፣ በየት በኩል ነው የሚወጣው?» አለችው።

ሰላሌ መሆኗን ማንም አላነሳም።